የክላይቭ ፔንሮዝ ቀጭን ጎማ

የክላይቭ ፔንሮዝን አስከሬን ያገኘው ብርቱካን የጫነ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሟቹ የነፋስ ወፍጮ ካለበት አቀበት ማዶ፣ ቁልቁለቱ ላይ ከመንገድ ወጥቶ ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ብስክሌቱ አጠገቡ ተጋድሟል፤ የፊት ጎማው ጨርሶ ተንፍሷል። ጎማው የተበሳበት ቡና የሚገዛበት ልማድ ያላቸው የብስክሌት ጓደኞቹ በዚያው ሰዓት ዋይኬሪ ከተማ ካፌ ውስጥ ተሰይመው፣ «ዛሬ የክላይቭ ጎማ አልተበሳም፤ ቡና ሳይገዛልን አመለጠን» እያሉ ይስቁ ነበር።

ሳጅን ዳፍኒ ካራሊስ አስከሬኑን ጎንበስ ብላ አየችው። የግራ አውራ ጣቱ በጥቃቅን የመወጋት ምልክቶች ተነቅሷል። ከጀርባ ኪሱ አንድ ሙዝና የከረሜላ ቆርቆሮ ወጣ። ቆርቆሮውን ስታነቃንቀው ተንሿሿ። እንዳለ ከንብረቱ ጋር ለሚስቱ እንዲሰጥ አደረገች፤ በኋላ በዚህ ራሷን ወቅሳለች።

ሚስቱ ሞሪን እንባዋን አልጠረገችም።

«ክላይቭ ቀጭን ጎማ አይገጥምም» አለች። «ይሄን የማያውቅ የዋይኬሪ ሰው የለም። አንድ ሰው ቀይሮበታል።»

እውነቷን ነው። የዚያ አገር መንገድ ዳር ሁሉ ቁርንጭት የሚባል እሾህ ነው፤ እንዴትም ቢወድቅ አንዱ ቀንዱ ወደ ሰማይ ይቆማል። ክላይቭ እሾህ የማይበሳው፣ በውስጡ ጠንካራ ሽፋን ያለው ወፍራም ጎማ ነበር የሚገጥመው። ጓደኞቹ «ትራክተሩ» ይሉታል። እነሱ ከብስክሌታቸው ላይ ላባ የምታህል ክብደት ለመቀነስ ደሞዛቸውን ያፈሳሉ፤ ከቦርጫቸው ላይ ግን ምንም አይቀንሱም።

ሳጅን ዳፍኒ ጓሮ ካለው መጋዘን ገብታ ወፍራሞቹን ጎማዎች ታጥበው ተሰቅለው አገኘቻቸው። በሟቹ ብስክሌት ላይ የነበሩት ቀጫጭን የእሽቅድምድም ጎማዎች ነበሩ።

የሞሪን ጣት ወደ ብስክሌት ሻጯ ወደ ብሮንቲ ሻፈር ተቀሰረ። በማግስቱ የብሮንቲን ሱቅ የሚረግጥ ደንበኛ ጠፋ። የዳፍኒ አለቃም ከበላይ መሥሪያ ቤት ደውሎ፣ ሻጯ በቸልተኝነት ሰው በመግደል እንድትከሰስ መዝገቡ ቶሎ ይላክልኝ አለ።

ብሮንቲ ከባንኮኒው ጀርባ እጇን አጣጥፋ ጠበቀቻት።

«ቀጭኑንም የሸጥኩለት እኔው ነኝ» አለች። «ብርዱ ሲገባ መጥቶ ጠየቀኝ። ‹አንተ ሰው አብደሃል? በዚህ እሾህ ላይ?› ስለው፣ ‹ለልጅ ልጄ ነው› አለኝ። እኔ አልገጠምኩለትም። ማን ያምነኛል?»

ሳጅን ዳፍኒ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ብስክሌቶች አየች። የሁሉም ጎማ የፋብሪካ ጽሑፍ ነፋስ ከሚሞላበት አፍ ትይዩ ሆኖ በቀኝ በኩል ተገጥሟል። ምክንያቱን ጠየቀች።

«ወግ ነው። እሾህ ሲገባ ቀዳዳውን በቶሎ ያስገኛል። ደግሞ ያምራል። በሌላ በኩል የገጠመ መሳቂያ ይሆናል።»

«ክላይቭስ?»

«ግራኝ አይደለ? በግራ። ስንስቅበት ኖርን፤ አልተወም።»

ከዚያ በኋላ ያነጋገረችው የብስክሌተኞቹን ክበብ አለቃ፣ የጥርስ ሐኪሙን ግራንት ኦልዳምን ነው። ያን ቀን ሁሉም እንደ ወትሮው ከአቀበቱ ሥር ባለው የውኃ ጋን ዘንድ ቆመው እንደጠጡ፣ ብስክሌቶቹም አንድ ላይ ተደግፈው እንደነበሩ ነገራት። እሱ፣ ብሮንቲና የክላይቭ የልጅነት ጓደኛ ሌስ ከሟቹ ብስክሌት አጠገብ ነበሩ። ግራንት ክላይቭን ወደ ዘገምተኞቹ ቡድን እንዲዛወር እንደመከረው አልደበቀም።

«ምን አለህ?»

«‹ስሞት› አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።»

ሌስ ግን ዓይኗን ማየት አልቻለም። ክላይቭ ከኋላው እንደነበር አመነ፤ ሁልጊዜም ከኋላ ነው አለ።

«አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብለህ አላየኸውም?»

«ዞር ካልክ ትቀራለህ፣ ሳጅን።»

ዳፍኒ ሁሉንም ብሮንቲ ሱቅ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሞሪን ወንበር ተሰጣት። የሟቹ የፊት ጎማ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል።

«መጀመሪያ፣ ማን ገጠመው?» አለች ሳጅኗ። «ጽሑፉን እዩት። በግራ ነው። ከዚህ ከተማ በግራ የሚገጥም አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጎማውን የቀየረው ራሱ ክላይቭ ነው።»

ሞሪን በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ዳፍኒ ጎማውን አዞረችው።

«ቀጥሎ፣ ቀዳዳው። መንገድ የሚነካው መሐሉን ነው። ይሄኛው ግን በጎኑ ነው የተበሳው። እሾህ ከመንገድ ተነሥቶ እዚህ አይገባም፤ በእጅ ነው የተጫነው።»

ግራንት ሌስን፣ ሌስ ብሮንቲን አየ። ዳፍኒ ወደ ሞሪን ዞረች።

«ወይዘሮ ሞሪን፣ የከረሜላውን ቆርቆሮ ይዘውታል?»

ሞሪን ከቦርሳዋ አወጣችው። ልቧ አልችል ብሎ እስካሁን አልከፈተችውም ነበር። አሁን ክዳኑን ስታላቅቀው ደረቅ ቁርንጭት ባንኮኒው ላይ ተበተነ።

«አውራ ጣቱን የወጋው ይሄ ነው» አለች ዳፍኒ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ግራንት፣ ብርዱ ከገባ ወዲህ በየቅዳሜው ቡና የሚገዛው ማን ነበር?»

«ክላይቭ። ጎማውን ልብ ብሎ ያየ የለም፤ ዕድለ ቢስ እያልን...» ግራንት አልጨረሰውም።

«ሕጋችሁ ጎማው ለተበሳበት ቆማችሁ ጠብቁ ይላል። ጉልበቱ ለከዳው ግን ማንም አይቆምም። ክላይቭ አረጀ። እሾህ በማይበሳው ጎማ ወደ ኋላ ቢቀር ምን ብሎ ያመካኛል? ስለዚህ የሚበሳውን መረጠ። ውኃ ስትጠጡ ጎንበስ ብሎ እሾሁን ጎኑ ላይ ይጭናል። አቀበቱ ሲጀመር ጎማው ይተነፍሳል፤ እሱ ይጮኻል፤ እናንተ ትቆማላችሁ። ያን ቀን ግን እሾሁ የበሳውን ቀዳዳ ራሱ ደፈነው። ጎማው አልተነፈሰም። ክላይቭ የሚጮኽበት ምክንያት አጣ፤ አቀበቱን እንደምንም ወጣው። ቁልቁለቱ ላይ እሾሁ ተፈናጥሮ ወጣ፤ ጎማው በቅጽበት ተንፍሶ ከመንገድ አስወጣው።»

ከደጅ የመኪና ድምፅ ተሰማ፤ አለፈ።

«ታዲያ ማን ገደለው?» አለች ሞሪን።

«ሕግ የሚይዘው ሰው የለም፣ ወይዘሮ ሞሪን። ብሮንቲም የምትከሰስበት ነገር የለም።»

ብሮንቲ ነፃ መውጣቷን ሰምታ ፊቷ አልፈካም። እሾሁን አንድ በአንድ እየለቀመች ወደ ቆርቆሮው መለሰች።

«‹ጠብቁኝ› ማለት አቅቶት ነው?» አለች ሞሪን። ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። «አንዲት ቃል?»

ግራንት ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ከእንግዲህ ማንም ወደ ኋላ አይቀርም፣ ሁሉም ሁሉን ይጠብቃል አለ። ሁሉም ራሳቸውን በስምምነት ነቀነቁ፤ ቀድሞ የነቀነቀው ሌስ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳጅን ዳፍኒ መኪናዋን ከአቀበቱ ሥር አቁማ ጠበቀቻቸው። ነፋሱ ከፊት ለፊት ነበር። ብስክሌተኞቹ በተርታ አለፏት፤ ግራንት ከፊት፣ አንገቱን ደፍቶ። ሌስ ከመጨረሻ ነበር። በእሱና ከፊቱ ባለው ጎማ መካከል መጀመሪያ ክንድ የሚያህል፣ ቀጥሎ መኪና የሚያሳልፍ ክፍተት ተፈጠረ። ማንም ዞር አላለም።

«ጎማዬ!» አለ ሌስ።

ሁሉም ባንድ ጊዜ ፍሬን ያዙ።

ዳፍኒ ከብሮንቲ ሱቅ የገዛችውን የጎማ ነፋስ መሙያ ፖምፓ ይዛ ወጣች። ሌስ ከብስክሌቱ አጠገብ ተንበርክኮ ያለከልካል፤ ከንፈሩ ገርጥቷል። ጎማውን በጣቷ ጫነችው። ድንጋይ ነው፤ ነፋስ አልጎደለውም። ሌስ ቀና ብሎ ዓይኗን አየ። ከላይ እነግራንት ብስክሌታቸውን ተደግፈው፣ «ቡናው ያንተ ነው፣ ሽማግሌው!» እያሉ ይስቃሉ።

ሳጅኗ ከጎኑ ተንበረከከች። ፖምፓውን ከጎማው አፍ አስጠግታ፣ ምንም ነፋስ ሳታስገባ፣ ትንፋሹ እስኪመለስለት ድረስ ቀስ እያለች ወደ ላይ ወደ ታች ትገፋ ጀመር።