የእህቴ ብልቃጥ

የፈጠራ ወሬ ነው የሚለኝ ካለ አልፈርድበትም። እኔም በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል... ረቡዕ ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባች፣ በምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ራጅ ክፍል ውስጥ።

እኔ ነርስ ነኝ። አንድ ታናሽ እህት አለችኝ። ቤተሰቡ በሙሉ "ሳቂታ" ነው የሚላት።

ስትስቅ ቤቱ ይሞላል። አንዱ የፊት ጥርሷ ጫፉ ተሸርፏል፤ ልጅ ሆነን ከደረጃ ላይ ገፍትሬያት ነው። እሱ እንኳ አመረባት!

እማዬ ደግሞ "እስቲ አንቺም እንደ እህትሽ ሳቂ፣ ምን ፊትሽን ታጨፈግጊያለሽ?" ትለኛለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ።

አዎ፣ እቀናባታለሁ። ምን እደብቃለሁ?

ባለፈው ዓመት ሁለታችንም አንድ አንድ የመንጋጋ ጥርስ ተነቀልን። ዶክተሩ በቦታው ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚታሰርበት የቲታኒየም ብሎን ሊተክልልን ሆነ። ያኔ አዲስ ነገር እየሞከረ ነበር። ብሎኑ ከመግባቱ በፊት አጥንቱ ላይ ሆርሞን ያለበት ቅባት ያደርጋል፤ አጥንቱ ቶሎ አድጎ ብሎኑን ጥርቅም አድርጎ እንዲይዝ።

በዕጣ ግማሹ ታካሚ ሆርሞኑን ያገኛል፣ ግማሹ ባዶ ቅባት። እንዳያዳላ ዶክተሩ ራሱ የቱ ለማን እንደሆነ አያውቅም። ብልቃጦቹ ላይ ቁጥር ብቻ ተለጥፏል። ዝርዝሩ ያለው እኔ ጋ ነው።

ዕጣው ሆርሞኑን ለሳቂታ ሰጣት። ለኔ ባዶውን።

እንደ ሁልጊዜው...

የሁለታችንን ብልቃጥ ቁጥሮች ልጬ አቀያየርኳቸው። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ዶክተሩ የኔን ራጅ አይቶ አፉን ያዘ። "የስድስት ወር አጥንት እኮ ነው ይሄ!"

የሳቂታ ብሎን ግን ይነቃነቅ ነበር።

ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ትንንሽ ነገሮች ጀመሩ...

አንድ ቀን ዕቃ እያጠብኩ በራሴ ሐሳብ ሳቅ ስል እማዬ ከኋላዬ "ሳቂታ፣ መቼ መጣሽ?" አለችኝ። ዞር ስል ደነገጠች።

"ውይ! አንቺ ነሽ እንዴ? አሳሳቅሽ..."

አልጨረሰችውም።

በሳምንቱ ሳቂታ ደወለች። ድምፅዋ በደንብ አይሰማም።

"እትዬ..."

"ምን ሆንሽ?"

"ጥርሶቼ እየተነቃነቁ ነው። ሁሉም..."

"ለዶክተሩ ንገሪው።"

"ነገርኩት። አጥንትሽ እየሳሳ ነው አለኝ። ከምን እንደሆነ ግራ ገብቶታል። ቅባቱ ይሆን እንዴ? አንቺ ታውቂያለሽ አይደል?"

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እውነቱን ብናገር ዶክተሩ መፍትሔ ይፈልግላት ነበር።

"አላውቅም" አልኳት።

ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይባላል። የኔን አላነቀዘም...

ያን ረቡዕ ዶክተሩ እንደገና ራጅ አነሳኝ። ምስሉን ቆሞ አየው። ተቀምጦ አየው።

"እንዲህ ያለ ገጥሞኝ አያውቅም" አለ በሹክሹክታ።

"ምኑ?"

"ከብሎኑ ሥር... ጥርስ አለ።"

ጠጋ አልኩ። አጥንቱ ውስጥ ጋደም ብሏል። የመንጋጋ ጥርስ አይደለም። የፊት ጥርስ ነው።

ጫፉ ተሸርፏል።

በሩ ተንኳኳ። ሳቂታ ናት፤ ለቀጠሮዋ መጥታ ነው። አፏን በመሐረብ ሸፍናለች። "እትዬ" ልትለኝ ሞከረች... አልወጣላትም። ዓይኖቿ ብቻ ይለምኑኛል።

እህቴ እኮ ናት! "እኔ ነኝ የቀየርኩት፣ ይቅር በይኝ" ልላት አፌን ከፈትኩ።

የወጣው ሳቅ ነው።

የሷ ሳቅ... ክፍሉን ሞላው።