ኢትዘል ያየችው ፈገግታ

የከበሮው መምቻ ከኢትዘል እጅ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ነጠረ፤ ተንከባሎም መምህሩ ጫማ ሥር ቆመ። ግቢው ውስጥ የተሰለፈው የትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ በሙሉ ጸጥ አለ።

ኢትዘል በመጀመሪያ ያየችው መምቻውን አልነበረም፤ መምህሩንም አልነበረም። ዞር ብላ ዴልሲያን አየቻት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ልማዷ ነው። ሰሌዳ ፊት ቆማ መልሱ ሲጠፋባት፣ ጭቃ ላይ አንሸራትቷት ስትወድቅ፣ ዓይኗ የጓደኛዋን ፊት ይፈልጋል። ዴልሲያም «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» የምትል ፈገግታ ትልክላታለች።

ያን ቀንም ዴልሲያ ፈገግ ብላ ነበር። ይሄኛው ፈገግታ ግን ሌላ ነበር። ገና መምቻው መሬት ሳይነካ ከሆዷ የመጣ፣ የሚሞቅ፣ የደስታ ፈገግታ። ዴልሲያ ራሷ ስትነቃበት ቶሎ ሰበሰበችው። ኢትዘል ግን አይታዋለች።

«ዴልሲያ፣ እስኪ አንቺ ሞክሪው» አለ መምህር አብዲኤል መምቻውን አንስቶ።

ዴልሲያ ሞከረች። አንድም ምት አልሳተችም። በኅዳሩ የነፃነት በዓል ሰልፍ ላይ የከበሮውን የፊት ረድፍ የምትመራው እሷ ሆነች፤ ዓምና ኢትዘል የታጠቀችው ቀይ የመሪ መቀነትም ወገቧ ላይ ታሰረላት።

ከልምምድ በኋላ እንደ ሁልጊዜው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው አብረው ሄዱ። የከተማቸው የላ ቾሬራ ሰማይ ዝናብ አዝሏል። ኢትዘል መንገዱን አጋምሳ ነው አፏን የከፈተችው።

«ፈገግ አልሽ አይደል?»

«መቼ?»

«መቼ እንደሆነማ ታውቂዋለሽ።»

ዴልሲያ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች። «አይዞሽ ልልሽ ነዋ። ሌላ ምን ይሆናል? አንቺ ደግሞ አታካብጂ።»

«እሺ» አለች ኢትዘል። ከዚያም ፈገግ አለችላት። ጥርሷ ያልታየበት፣ ጠዋት ጠዋት ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ የምትሰጠው ዓይነት፣ ከአንገት በላይ የሆነ ፈገግታ ነበር። ዴልሲያ ይህን ፈገግታ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ብዙ ጊዜ አይታዋለች። ለራሷ ሲደርሳት ግን የመጀመሪያዋ ነበር።

ኢትዘል ከዚያ ወዲያ ከልምምድ ቀረች። እጇን እንዳመማት ለመምህሩ ነገረችው። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት፣ ዴልሲያ ደረጃውን ስትወርድ ከታች ድምፅ ሰማችና ቆመች። ሲምባል የሚባሉትን የናስ ሳህኖች የምታጋጨው ዩሊሳ ኢትዘልን እየጠየቀቻት ነበር።

«ተኳረፋችሁ እንዴ ከዴልሲያ ጋር?»

«ኧረ ምን በወጣን» አለች ኢትዘል። «ልምምድ በዝቶባት ነው እንጂ።»

ዴልሲያ የደረጃውን ብረት ጨበጠች። ብትሰድባት በወደደች። ስድብ ቢሆን መልስ ይኖረው ነበር።

በልምምድ ላይ እጇ ሥራውን ያውቃል። ፊቷ ነበር እንቢ ያላት።

«እጅሽ ጎበዝ ነው» አለ መምህር አብዲኤል ሰልፉን አስቁሞ። «ፊትሽ ግን ቀብር የሚሄድ ሰው ፊት ነው። ሕዝቡ መንገድ ዳር ፀሐይ ሲመታው የሚውለው ይህን ለማየት ነው? ፈገግ በይለት እንጂ።»

ዴልሲያ ጥርሷን አሳየች።

«አሁን ደግሞ ጥርስ ሐኪም ጋ የተቀመጠች መሰለች» አለ አንድ መለከት ነፊ፤ ረድፉ ሳቀ። ጉንጯ እስኪዝል ከንፈሯን ዘርግታ ግቢውን ዞረች።

እናቷ ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ፀጉር ትሠራለች። ማታ ማበጠሪያዎቿን እያጠበች የልጇን ፊት በመስታወቱ አየችው።

«ምነው ፊትሽ እንዲህ ጠቆረ?»

«መምህሩ ፈገግ በይ ይለኛል። አልመጣልሽ አለኝ።»

«ታዲያ እኔ በየጠዋቱ ደስ ብሎኝ የምከፍት ይመስልሻል? መጀመሪያ ለመስታወቱ ፈገግ እላለሁ፤ ከዛ ለደንበኛዋ። እሷም ትመልስልኛለች፣ ወሬ ይጀመራል። ሦስተኛዋ ራስ ላይ ስደርስ ሳቁ የራሴው ይሆናል። ሞክሪው፣ ምን ትጎጂያለሽ?»

በማግስቱ ዴልሲያ ሞከረችው። በር ዘግቶባት መሄድ የለመደው የአውቶቡስ ሹፌር ፈገግ ስትልለት ጠበቃት፤ «ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?» ብሎም ቀለደባት። ቁርስ የምትሸጠው ሴትዮ ከተጠበሰው ሊጥ ደህናውን መርጣ ሰጠቻት። ትምህርት ቤት ስትደርስ ትከሻዋ ቀልሏት ነበር። እናቷ እውነቷን ነው፤ ነገሩ ይሠራል።

ክፍል ስትገባ ኢትዘል መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ዴልሲያ ያንኑ የጠዋቱን ፈገግታ ሰጠቻት።

ኢትዘል ለዘበኛው የምትሰጠውን ፈገግታ መለሰችላትና ወደ መጽሐፏ አቀረቀረች። ከሹፌሩ ጀምሮ የተጠራቀመው ሙቀት ሁሉ እዚያው በሩ ላይ ከዴልሲያ ወጥቶ ሄደ። ለሹፌሩ ፈገግ ስትል የምትደብቀው ነገር አልነበራትም።

ያን ቀን ከልምምድ በኋላ እግሯ ወደ ኢትዘል ቤት ወሰዳት። ኢትዘል በረንዳው ላይ ሳህን ታቅፋ አተር ትፈለፍላለች። እናቷ እትዬ ብሪሴይዳ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ጠፋሽ እኮ፣ ልጄ» አሏት። «ይቺ ደግሞ እጄን አመመኝ ትላለች፤ አተር ሲሆን ግን ደህና ናት።» ይህን ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ዴልሲያ የከንፈሯ ዳር በልማድ ሽቅብ ሲወጣ ተሰማት። አቆመችው። ፊቷን እንዳለ ተወችው።

«ዋሽቼሽ ነበር። ፈገግ ያልኩት አይዞሽ ልልሽ አልነበረም።»

«አውቃለሁ።»

«ስለሳትሽ ደስ ብሎኝ ነው። ቦታውን ዓምናም ፈልጌው ነበር። ላንቺ ሲሰጡሽ አቅፌ ሳምኩሽ፣ ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ።»

አተሩ ሳህኑ ላይ መውደቁን አቆመ።

«ዓምና ‹ከኔ ይልቅ ላንቺ ይሁን› ብለሽኝ ነበር እኮ» አለች ኢትዘል።

«እሱም ውሸት ነው።» ዴልሲያ አንድ እርምጃ ቀረበች። «መቀነቱን ከፈለግሽ ለመምህሩ ነግሬ—»

«አልፈልገውም። መምቻው የወደቀው ከኔ እጅ ነው፤ አንቺ አልጣልሽውም።» ኢትዘል ቀና አለች። ዓይኗ ቀልቷል። «የቦታው ጉዳይ አይደለም ያናደደኝ። ሲጨንቀኝ የማየው አንቺን ነው። ከዚህ በኋላ ማንን ልይ?»



«ዩሊሳ ስትጠይቅሽ ደረጃው ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ለምን አልነገርሻትም?» አለች ዴልሲያ።

«ምን ብዬ? ‹ስወድቅ ጓደኛዬ ደስ አላት› ልበላት? አፍሬ ነዋ።» ኢትዘል ሳህኑን አነሳች። «ሂጂ በቃ፣ ዝናቡ ሳይመጣ።»

ዴልሲያ እውነቱን ስትናገር ቅልል እንደሚላት ጠብቃ ነበር። አልቀለላትም። ዝናቡም መንገድ ላይ ያዛት።

ሰኞ ኢትዘል ልምምድ መጣች። ሰላምታዋ አጭር ነበር፤ ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ውስጥ ቆማ የከበሮዋን ማንገቻ ማጥበቅ ጀመረች። ዩሊሳ ሲምባሏን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ዴልሲያ ተጠጋች፤ ሁለት ልጆችም ተከተሏት።

«መጣች አይደል? እኔኮ ብያለሁ» አለች ድምፅዋን ሳትቀንስ። «ቅናት ነው። ቦታዋን ስለወሰድሽባት እንጂ የምን እጅ መታመም ነው?»

ልጆቹ ዴልሲያን አዩዋት። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ዝም ብትል ወሬው ኢትዘል ላይ እንደተለጠፈ ይቀራል፤ ኢትዘልም እንደ እስካሁኑ አፍራ ትሸከመዋለች።

«የቀናሁት እኔ ነኝ» አለች ዴልሲያ። «መምቻው ሲወድቅባት ደስ ብሎኝ ፈገግ አልኩ። አየችኝ። ስትጠይቀኝ ደግሞ ካድኩ።»

 አንደኛዋ ልጅ ከዴልሲያ ግማሽ እርምጃ ያህል ራቅ አለች። ከኋላ፣ ከሦስተኛው ረድፍ፣ ማንገቻውን የሚያጠብቁት እጆች ድምፅ ተቋረጠ።

ዴልሲያ ዞራ ማየት ፈልጋ ነበር። አልዞረችም። የመምህሩ ፊሽካ ሲነፋ መምቻዎቿን አንስታ ቆጠራውን ጠበቀች።

«ፊትሽ፣ ዴልሲያ» አለ መምህር አብዲኤል።

«ዛሬ በእጄ ብቻ ይለፉኝ፣ መምህር» አለችው፤ የመጀመሪያውንም ምት መታች።