ሰባተኛው አንቀጽ

የማዘጋጃ ቤቱ የቤቶች ክፍል ሠራተኛ ሃርም ቦልሃውስ ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የብረት ወረቀት መብሻ ወለሉ ላይ ወድቋል። አስከሬኑ ሲነሣ ኢንስፔክተር ትራይንቼ ዎልቲንግ ከደረቱ ሥር ወረቀት አገኘች፤ የማዘጋጃ ቤቱ የቤት ድልድል ፖሊሲ ነው። ግርጌው ላይ እንደሚታየው ቅጂው ከማተሚያ ማሽኑ የወጣው ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ስድስት የታተሙ አንቀጾች አሉት። ሰባተኛው በሟቹ እጅ ተጽፏል፦ «ከባድ ችግር ላለበት አመልካች ከዚህ ፖሊሲ መውጣት ይቻላል።»

ወረቀቱን ለማንም አላሳየችም። መጀመሪያ የጠየቀችው ሬሳውን በሦስት ሰዓት ያገኙትን የቤት አመልካች ወይዘሮ ኼስየን ነው።

«ትናንት ሲጮኹበት ተሰምቷል፣ እትዬ።»

«ጮኼአለሁ! ባሌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እግሩ ከከዳው ዓመት ሆነው። ምድር ቤት ስጡን ብል ሦስት ጊዜ እምቢ! ከሰስኳቸው። በኋላ ግን ሃርም ‹ዓርብ ፍርድ ቤት ቀርቤ እውነቱን እናገራለሁ› አለኝ። እሱን ገድዬ ማን ሊናገርልኝ ነው፣ ልጄ?»

የቤቶች ክፍል ኃላፊው ራይንት ኦልደንዚል እግሩን አነባብሮ ጠበቃት።

«ሃርምን ከትናንት ወዲህ አላየሁትም። ጠዋቱን ሙሉ ቢሮዬን ዘግቼ ነበር።»

«ሴትዮዋን ለምን ከለከላችኋት?»

«ፖሊሲ ፖሊሲ ነዋ! ሃርምማ ሆደ ቡቡ ነበር። በሱ ሰባተኛ አንቀጽ ብንሄድ አገሩ ሁሉ ምድር ቤት በገባ!» ብሎ ሣቀ።

ትራይንቼ አልሣቀችም። ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም ከንቲባው ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ፖሊሲ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሲከለከልበት ለሕዝብ ይፋ ሆኖ አያውቅም» አለች። «ይፋ ባልሆነ ፖሊሲ ዜጋ አይከለከልም። ሃርም ዓርብ ይህን ቢናገር ተጠያቂው አንድ ሰው ነው፤ የቤቶች ክፍል ኃላፊው። ሰባተኛው አንቀጽ የተጻፈው ዛሬ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሬሳው ሥር ነበር። ከትናንት ወዲህ አላየሁትም ያልከው ራይንት፣ አንቀጹን የት አነበብከው?»

ራይንት ተነሥቶ ወደ በሩ አመራ። በሩ ላይ የቆሙት ፖሊሶች ክንዱን ያዙት።

ከንቲባው ላቡን ጠረገ። «እኛማ ምን እናድርግ፣ ፖሊሲው አስሮን ነው...»

«ፖሊሲ ሕግ አይደለም፣ ክቡር ከንቲባ። ይፋ ቢሆን እንኳ የእያንዳንዱን ሰው ጉዳይ ከማየት አያግድዎትም። እምቢ ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

ወይዘሮ ኼስየ ማመልከቻቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እንግዲህ እርስዎ ይመልሱልኝ። ባሌ ይወርዳል ወይስ አይወርድም?»

ከንቲባው ዙሪያውን አየ። ጥፋቱን የሚያላክክበት ሰው አልቀረም። ብዕሩን አነሣና ‹ይፈቀድ› ብሎ ፈረመ።