ከላስቲኩ ሥር ያለው ኩባያ

ፌንጣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እውነተኛ ስሟ መዝገብ ላይ አለ፤ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል ሁሉም ሰው ፌንጣ ይላታል። የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። ቤታቸው አንድ ክፍልና አንድ ጠባብ ግቢ አለው። እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች ነው የምታሳድጋት። ግቢው ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ገመድ ተወጥሯል፤ ወደ ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ በእርጥብ አንሶላ ሥር ጎንበስ ብሎ ያልፋል።

የፌንጣ አስተማሪ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሴት ናቸው። ስድሳ ሁለት ልጆች ያስተምራሉ። ከሰዓት በኋላ ድምፃቸው ይሰልላል። ልጆች፣ እናንተ ክፍል ውስጥ ስትንጫጩ የማን ጉሮሮ እንደሚደርቅ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ሰኞ አስተማሪዋ ጠየቁ።

"ልብስ ሲደርቅ ውሃው የት ይሄዳል?"

"መሬት ይጠጣዋል!" አለች አንዲት ልጅ።

"ገመዱ ይጠጣዋል!" አለ ጥርሱ። ጥርሱ የሚሉት የፊት ጥርሶቹ ስለወለቁ ነው።

ፌንጣ ብድግ አለች። "ወደ ላይ ነው የሚሄደው! ፀሐይ ካልወጣች እኮ የእማዬ ልብስ አይደርቅም።"

"ጎበዝ። ወደ ላይ ይሄዳል፤ ደመና ይሆናል፤ ዝናብ ሆኖ ይመለሳል። የውሃ ዑደት ማለት ይኸው ነው።"

ከዚያ አስተማሪዋ አንድ ትልቅ ሳፋ እየጎተቱ አመጡ። ውሃ ጨመሩበት፤ ጨው በጠበጡበት። የውሃውን ልክ በቀይ ቀለም አሰመሩ። መሃሉ ላይ ባዶ ኩባያ አስቀመጡ። ሳፋውን በላስቲክ ሸፍነው ዙሪያውን አሰሩና፣ ከኩባያው ትይዩ ላስቲኩ ላይ አንድ ጠጠር ጣል አደረጉ። ሳፋውን መስኮቱ አጠገብ ፀሐይ ላይ አኖሩት።

"ፀሐይ ውሃውን ታነሣዋለች። ላስቲኩ እንደ ሰማይ ይሆንና ኩባያው ውስጥ ያዘንበዋል። ጨው አብሮ አይነሣም። አርብ እንቀምሰዋለን።" ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። "ሦስት ዓመት ሞክሬ ሦስቴም ከሽፎብኛል። ዘንድሮም ካልሆነ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስገለብጣችኋለሁ እንጂ፣ ከእንግዲህ ሳፋ አልሸከምም። ደክሞኛል። ፌንጣ፣ ጠባቂዋ አንቺ ነሽ። ማንም እንዳይነካው።"

ማንም አልነካውም፤ ከጠባቂዋ በስተቀር። ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት ፌንጣ የላስቲኩን ጠርዝ ገለጥ አድርጋ አየች። ኩባያው ደረቅ ነው። ከምሳ በኋላም አየች። ደረቅ ነው። ረቡዕ ስምንት ጊዜ አየች። ሐሙስ ዓይኗን ጨፍና፣ "እግዚአብሔር ሆይ፣ እባክህ ይዝነብ" ብላ ጸለየች። አሜን ሳትል ላስቲኩን ገለጠች።

አንድ ጠብታ እንኳ የለም።

ሐሙስ ከሰዓት ልጆቹ ሁሉ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ፌንጣ ወደ ኋላ ቀረች። መጠበቅ ሰልችቷታል። ኩባያውን አውጥታ ከቧንቧ ሞላችና መለሰችው። "ለቲቸር ብዬ ነው" አለች ለራሷ። ልጆች፣ ኃጢአት አንዳንዴ እንዲህ የደግ ሰው ልብስ ለብሶ ይመጣል።

አርብ አስተማሪዋ ላስቲኩን ፈቱ።

"እሰይ! እሰይ ልጆቼ!" ኩባያውን ከፍ አድርገው አሳዩ። ቀመሱት። "ጨው የለውም!" ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ።

ጥርሱ ግን ሳፋው ላይ አጎንብሶ ነበር። "ቲቸር፣ መስመሩ አልወረደም እኮ። ውሃው ከዚህ ካልሄደ ከየት መጣ?"

አስተማሪዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩ። ውሃው ልክ ቀዩ መስመር ላይ ነው።

"መስመሩን አሳስቼ ያሰመርኩት እኔ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ዓይኔም እንደ ጉልበቴ ከዳኝ ማለት ነው። መስመር ማስመር ካቃተኝማ ምን አስተምራለሁ?"

ፌንጣ መሬት መሬቱን አየች። ደወል ተደወለ።

ቤት ስትደርስ እናቷ ልብስ እያጠበች ነበር። ጣቶቿ በውሃ ብዛት ተጨማደዋል።

"እማዬ፣ አንድ ሰው ሳይሳሳት ተሳስቻለሁ ብሎ ቢያስብስ?"

"ማን ነው ሰውዬው?"

"ቲቸር።"

"ያሳሳታቸውስ?"

ፌንጣ የእርጥቡን አንሶላ ጫፍ ትጠመዝዝ ጀመር። እናቷ ከሳፋው ላይ ቀና አላለችም።

"አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ተነሥቼ ልቆጣሽ እንኳ አቅም የለኝም። ራስሽ ሄደሽ ንገሪያቸው።"

"ልጆቹ ከሳቁብኝስ?"

"ይሳቁ። ሳቅ ልብስ አይቀድም።"

ሰኞ ፌንጣ ከደወሉ በፊት ደረሰች። አስተማሪዋ ሰሌዳ እያጠፉ ነበር። ሳፋው ጥግ ላይ ተደፍቷል።

"ቲቸር፣ ኩባያውን ከቧንቧ የሞላሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

አስተማሪዋ ማጥፊያውን አስቀምጠው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ፌንጣ አልቅሳ ልታመልጥ ፈለገች፤ ግን እግሯን ተክላ ቆመች።

"ላስቲኩንስ ስንት ጊዜ ገለጥሽው?"

ፌንጣ በጣቷ ቆጠረች። ጣቷ አለቀባት።

"ወይ አንቺ ልጅ! በገለጥሽ ቁጥር እኮ ላስቲኩ ላይ የያዘው እንፋሎት ተመልሶ ሳፋው ውስጥ ይንጠባጠባል። አይታይሽም እንጂ ሲሠራ ነበር።" ከዚያ ድንገት ቀና አሉ። "እንግዲያው መስመሬ ልክ ነበር! ዓይኔ ደህና ነው!"

ፌንጣ ጥፋቷን ለክፍሉ ራሷ ተናገረች። ልጆቹ ሳቁ።

"ዝናብ አዝናቢዋ!" አለ ጥርሱ።

"አንተ መጀመሪያ ጥርስ አብቅል!" አለችው ዕንባዋን እየጠረገች።

ሳፋውን እንደ መጀመሪያው በጨው ውሃ፣ በኩባያና በላስቲክ አዘጋጁት፤ ከዚያ አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን ጫፍ አስተማሪዋ ይዘው መስኮቱ ጋ መለሱት። ጠባቂነቷን አልቀሟትም። ያን ሳምንት ፌንጣ እጇ እንዳያሳስታት እጇ ላይ ተቀመጠች። ቀኖቹ ረጃጅም ነበሩ።

አርብ ላስቲኩ ተፈታ። ኩባያው አልሞላም። ከሥሩ ሁለት ማንኪያ የማትሞላ ውሃ ነበረች። ስድሳ ሁለት ልጆች ተሰልፈው የጣታቸውን ጫፍ እየነከሩ ቀመሱ። ወረፋው ሳያልቅ ውሃው አለቀ፤ የተረፉት ላስቲኩ ላይ ያቀረረውን በጣታቸው ጠረጉ። ጨው የለውም።

አስተማሪዋ ኩባያውን ገልብጠው አደረቁት። "ፌንጣ፣ ይህን ሳፋ እንዳይሰነጠቅ ደህና ቦታ ፈልጊለት" አሉ። "ለሚመጣው ዓመት ልጆች ያስፈልገኛል።"

ልጆች፣ መልካም ነገር ቢዘገይብን እንታገሥ እንጂ በውሸት አንሙላው፤ ከሞላነውም ሌላ ሰው ጥፋታችንን ሳይሸከም ቶሎ እውነቱን እንናገር።