ሰባት ሜትር የሸሸው ችካል

በዚያ ዓመት ሐይቁ በረዶ አልያዘም። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የምሥራቅ ነፋስ ነፈሰ። ማዕበሉ ዳርቻውን በላው። ሁለት ዛፍ ወደቀ። የስደተኞቹ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን የምታጠምቅበት ደረጃ ተወሰደ። ሚያዝያ ላይ ዝናብ ጨመረበት።

ግንቦት ላይ የመንግሥት የሐይቅ ዳር ጥገና ሠራተኛዋ እንቁ ከመሥሪያ ቤቷ መጥታ ሜትሯን ከችካሉ እስከ ዳርቻው ዘረጋች።

“ዛሬም አሥራ ስምንት ነው።”

ጋሽ ኃይለማርያም ጎንበስ ብለው ሜትሩን አዩ። ባለፈው መስከረም ቤተ ክርስቲያኗን ወክለው የመንግሥቱን መለኪያ ችካል ከዳርቻው ሃያ ሜትር ላይ የተከሉት እሳቸው ናቸው።

“ይህ ሁሉ ክረምት ሁለት ሜትር ብቻ ወሰደ ልትዪኝ ነው?”

“እኔ አይደለሁም ጋሼ፤ ሜትሩ ነው።”

የፕሮቪንሱ መንግሥት ለሐይቅ ዳር ጥገና የሚመድበው ገንዘብ ለሦስት ቦታ ብቻ ይበቃል። ብዙ መሬት ያጣ ይቀድማል። ረቂቁ ሠላሳ ቀን ለሕዝብ አስተያየት ይቀርባል፤ ኮሚቴው ያየዋል፤ ምክር ቤቱ ያጸድቀዋል። ከጸደቀ አምስት ዓመት አይነካም። የእነሱ ዳርቻ አራተኛ ሆኗል። አምስት ዓመት የሚቆይ ዳርቻ ደግሞ አልነበራቸውም። አስተያየት መቀበያው ከነገ ወዲያ ይዘጋል።

“ችካሉን የነካ አለ” አሉ።

“ማስረጃ ያምጡ፤ ፋይሉ ውስጥ አስገባለሁ። ያለ ማስረጃ ግን ለአባቴም አላደርገውም።”

“ደግ።”

በጭቃው ላይ የቦቲ ዱካ ነበር። ዱካው ፋሩቅ ዘንድ አደረሳቸው። ፋሩቅ በሚኖሩበት ሰፈር፣ በፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ጎረቤታቸው ነው። ዓሣ የሚያጠምድበት ዳርቻ በረቂቁ ሁለተኛ ወጥቷል።

“ችካሌን ነክተሃል?”

“ችካልህ ዓሣ ይይዛል?” አለ ፋሩቅ ዓይኑን ከውሃው ሳያነሳ። “በየጠዋቱ በዚያ አልፋለሁ። ይልቅ ቦቲዬን መልስ።”

ነገሩ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ኃይለማርያም ወደዚህ አገር በመጡበት ዓመት፣ በመጀመሪያው በረዶ በሸራ ጫማ ለሥራ ሲወጡ፣ ፋሩቅ ደረጃው ላይ አስቁሞ የራሱን ቦቲ አውልቆ አጫማቸው። ተጫምተው ጨረሱት። ፋሩቅ በየዓመቱ ያነሳዋል። እሳቸውም በየዓመቱ “እመልሳለሁ” ይላሉ።

አካፋ ይዘው ተመለሱ። ከችካሉ ጀምረው ወደ ውሃው በቀጥታ ይቆፍሩ ጀመር።

“ምን ጠፍቶዎት ነው?” አለች እንቁ።

“ከሰል።”

አባታቸው የእርሻ ድንበር ሲተክሉ ከድንጋዩ ሥር ከሰል ይቀብሩ ነበር። ድንጋይ ይገፋል፤ ከሰል ግን አይበሰብስም፤ ገፊውም መኖሩን አያውቅም። መስከረም ላይ ኃይለማርያም ማንም ሳያይ ከችካሉ ሥር አንድ እፍኝ ቀብረው ነበር።

“እዚህ አገር ድንበር የሚገፋ ማን አለ ብለው?”

“ሰው አይደል የሚኖርበት?”

ሰባተኛው ሜትር ላይ አካፋው ጥቁር አወጣ። እንቁ ፎቶ አነሳች። ለካች። ከከሰሉ እስከ ዳርቻው አሥራ አንድ ነው። ሐይቁ የበላው ዘጠኝ ሜትር ነበር።

“ታዲያ ማን አነሳው?”

ጋሽ ኃይለማርያም ወደ ችካሉ ዞሩ። የችካሉ ጫፍ ፌስታል ለብሷል። ፌስታሉ በላስቲክ ታስሯል። ሌባ ለሰረቀው ዕቃ የዝናብ ልብስ አያለብስም። ማይክሮፎኑንም ወንበሩንም በፌስታል የሚጠቀልል ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ያውቃሉ።

ሰላሙ የቤተ ክርስቲያኗ ንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። አገር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት መጋዘን ጠብቋል። ደውለው ጠሩት። መጣ።

“ችካሉን ለምን ሰረቅህ?”

“አልሰረቅሁም፤ አሸሸሁት።”

“ከምን?”

“ከውሃው ነዋ። ጋሼ፣ ፈርሜ የተረከብኩት የመንግሥት ንብረት ነው። ሐይቁ ቢወስደው ምን ላስረክብ?”

“መሬቱ ይሂድ፣ እንጨቱ ይትረፍ?”

“ለመሬቱ አልፈረምኩማ።”

እንቁ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰላሙ ያደረገውን ጽፎ ፈረመ። ቃሉ ከፎቶው ጋር በማግስቱ ገባ። ሰኔ ላይ ኮሚቴው ረቂቁን አስተካከለ፤ የእነሱ ዳርቻ አንደኛ፣ የፋሩቅ ሦስተኛ ሆነ። ምክር ቤቱ ሦስቱንም አጸደቀ።

ጋሽ ኃይለማርያም ካርቶን ታቅፈው ወደ ሐይቁ ወረዱ።

“ደግሞ ምን ጠፋ?” አለ ፋሩቅ።

“ተጫማው።”

ፋሩቅ ካርቶኑን ከፈተ። አዲስ ቦቲ ነው። ተጫምቶ ሁለት እርምጃ ውሃው ውስጥ ገባና ቆመ።

“ሃያ ዓመት” አለ። “ወለድስ የለውም?”

ጋሽ ኃይለማርያም ከኮታቸው ኪስ የሱፍ ካልሲ አወጡ።