አባባ የሚያቆሙበት መስመር

«እዚህ ላይ ይበቃናል» አሉና የሩመይሳ አባት ቁርዓኑን ከደኑት።

ሩመይሳ አንገቷን እንዳሰገገች ቀረች። የአባቷ ጣት የቆመው ከገጹ ግርጌ አልነበረም፤ ከሥሩ ገና ብዙ ጽሑፍ ይታያል። ሲጀምሩም ከላይ አልጀመሩም።

«ምን ፈለግሽ?»

«ምንም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ሻሽሽን አስተካክይ። አሁን የተነበበው ለማን መሰለሽ?»

አስተካከለች። ሐሙስ ሐሙስ ከመግሪብ፣ ከምሽቱ ሶላት በኋላ አባቷ ቤተሰቡን በጋዝ ማሞቂያው ዙሪያ ሰብስበው ያነባሉ፤ መጀመሪያ በዐረብኛ፣ ቀጥሎ በአገራቸው ቋንቋ በኡርዱ። ቤት ውስጥ የሴት ነገር በተነሳ ቁጥር ደግሞ ወደ ሱረቱ ኑር ምዕራፍ ይመለሳሉ። ሴቶች ዓይናቸውን ሰበር እንዲያደርጉ፣ ጌጣቸውን እንዲሸፍኑ የሚያዘውን አንቀጽ ያነቡና ይከድኑታል።

ዛሬ የተነሳው የአክስቷ የሻይስታ ነገር ነበር። ሻይስታ የአባቷ ታናሽ እህት ናት። ባሏ በመኪና አደጋ ከሞተ ጀምሮ የምትኖረው እዚሁ እነሱ ጋ ነው። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ፋርማሲስት እህት መጥታ ነበር፤ ወንድሟ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ሻይስታን ለማግባት ይፈልጋል። አባቷ ሻይ ጋብዘው፣ ፈገግ ብለው፣ «በእኛ ቤት ባሏ ለሞተባት ሴት ሁለተኛ ሰርግ አይደገስም» ብለው ሸኟት። ሻይስታ መጋረጃው ጀርባ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ከዚያ ተመልሳ ሊጧን ማሸት ቀጠለች።

ለምን ከመሃል? ለምን ሁልጊዜ እዚያው ቦታ? ሩመይሳ ማታ ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና ይሄን ከጭንቅላቷ ማውጣት አቃታት።

በማግስቱ ወንዶቹ ለጁምዓ ሶላት ሲወጡ፣ ለሶላት እንደሚታጠቡት ውዱእ አድርጋ ቁርዓኑን ከመደርደሪያው አወረደች። መጀመሪያ አባቷ ከሚጀምሩበት አንቀጽ በላይ ያለውን አነበበች። ለወንዶች ነው የሚናገረው። ዓይናቸውን ሰበር እንዲያደርጉ መጀመሪያ የታዘዙት እነሱ ናቸው። ወንድሟ ሰቅለይን ትዝ አላት። እሷ ከምትማርበት ጥናት ማዕከል በር ላይ ሞተሩን አቁሞ የሚያልፉትን ልጃገረዶች ከላይ እስከታች ሲገመግም ጓደኛዋ ዘርሚና አይታው፣ «ወንድምሽ ግን ሼም የሚባል አያውቅም እንዴ?» ብላት ነበር። ለአባቷ ስትነግራቸው «ወጣት ነው፣ ይተወዋል» ነበር መልሳቸው።

ቀጥላ አባቷ ከሚያቆሙበት በታች ያለውን አነበበች። ደግማ አነበበችው። ከመካከላችሁ ያላገቡትን፣ ትዳር የሌላቸውን ዳሩ ይላል።

ትርጉሙ ተሳስቶ ይሆን? የሚያያት ሰው ያለ ይመስል ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየችና ወደ አያቷ፣ ወደ አባቷ እናት ክፍል ሄደች። ሻይስታ አያቷን ወደ ጎን አገላብጣ ጀርባቸውን በዘይት እያሸች ነበር። አያቷ አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለተኛ ክረምታቸው ነው።

«አክስቴ፣ የአንቺን ቁርዓን ስጪኝ እስቲ።»

«የሳሎኑ ምን ሆነ?»

«ትርጉሙን አላመንኩትም።»

ሻይስታ እጇን ጠራርጋ ትክ ብላ አየቻት። «ማነው የላከሽ? እናትሽ ናት?»

«ወላሂ ማንም አልላከኝም!»

ሻይስታ አሁንም ያመነቻት አትመስልም። ቢሆንም ለሰርጓ የተሰጣትን ቁርዓን ከሳጥኗ አወጣችላት። ሩመይሳ ቦታውን ልትፈልግ ስትል መጽሐፉ ራሱ እዚያው ላይ ተከፈተ። ቃሉም ያው ነው።

«ታውቂው ነበር ማለት ነው!»

«ማንበብ የማልችል መሰለሽ?» አለች ሻይስታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«እኔ ከተናገርኩ ባል አማራት ይሉኛል። አንቺም ተይው በቃ። ደሞ እኔ ብሄድ እኚህን ማን ያገላብጣቸዋል? እሱን አስበሽዋል?»

አላሰበችውም። እናቷ ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ መምህርት ናት፤ ያውም ወገቧን ያማታል። ሰቅለይን ወንድ ነው ተብሎ ሥራ አይታዘዝም። የሚቀረው ማን ነው? ዘይቱ፣ ሽንት ጨርቁ፣ በየሁለት ሰዓቱ መነሳቱ በዓይኗ ዞረ። ፈተናዋ ደግሞ ደርሷል። ሩመይሳ ሳይታወቃት ቁርዓኑን ከደነችው።

ያን ሳምንት ሁሉንም ሰው በጎሪጥ ስታይ ሰነበተች። አባቷ «ሻይስታ፣ ትኩስ ቂጣ ጨምሪልኝ» ባሉ ቁጥር፣ እሺ እሷ ባትኖር ይህን ማን ያመጣልዎት ነበር ትላለች በሆዷ። እናቷ ለአክስቷ አዲስ ሹራብ ስትገዛላት፣ አፏን ልታዘጋት ይሆን ብላ ጠረጠረች። ግን ለማንም ምንም አልተናገረችም። «የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ነው፣ እኔን አያገባኝም» እያለች ራሷን ታጽናናለች። ማክሰኞ ማታ ሻይስታ የእሷን ዩኒፎርም ስትተኩስላት አይታ አንድ ነገር ጠቅ አደረጋት። እሷም እንደ አባቷ የማይመቻት ጋ ስትደርስ ነው መጽሐፉን የከደነችው።

ሐሙስ መጣ። የፋርማሲስቱ እህት ቀን ላይ ደግማ ደውላ ስለነበር አባቷ ፊታቸው ተኮሳትሯል። ዓይናቸውንም አሟቸው ቀልቶ አብጧል፤ እርጥብ ጨርቅ ይዘውበታል።

«ዛሬ አንቺ አንብቢ» አሏት። «ቦታውን ታውቂዋለሽ።»

አያቷ ከገመድ አልጋቸው ጋር ወደ ማሞቂያው ተጠግተዋል። ሻይስታ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሩመይሳ ጣቷን የተለመደው ቦታ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

ኡርዱው ላይ ስትደርስ ሰቅለይን ቀና አለ። «ምን እያነበብሽ ነው?»

«ከላይ ጀመርሽ» አሉ አባቷ።

«አዎ አባባ። የሚጀምረው ከዚህ ነው።»

አባቷ ጨርቁን ዓይናቸው ላይ አስተካከሉ። የሴቶቹን አንቀጽ አንብባ ስትጨርስ «ይበቃል» አሉ። በሩ ላይ ሻይስታ ራሷን ነቀነቀች፣ ተይ ማለቷ ነው።  ሩመይሳ ግን አላቆመችም። ቀጣዩን አንቀጽ አነበበችው፤ በዐረብኛም በኡርዱም፣ እስከ መጨረሻው።

መጀመሪያ የተናገሩት አያቷ ናቸው። «ይሄ ደሞ ከየት መጣ? እስከዛሬ አልሰማሁትም።»

«እዚያው ነበር፣ አያቴ።»

«ኢቅቲዳር» አሉ ወደ አባቷ ዞረው፣ «እውነት እንዲህ ይላል?»

አባቷ ጨርቁን ከዓይናቸው አላነሱም። «ይላል፣ እማማ።»

«ታዲያ ለምን አላነበብክልኝም?»

«ሰው ምን ይላል ብዬ…»

«ሰው!» አሉ አያቷ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አባቷ ተነሱ። ሩመይሳ የሚመቷት መስሏት ተሸማቀቀች። እሳቸው ግን በአጠገቧ አልፈው ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ እህታቸውን ሳያዩ «ያቺ ሴትዮ ነገ ከደወለች እኔን ጥሩኝ» ብለው ወጡ። እሺ ሊሏት ይሁን ሊያባርሯት፣ ማንም አላወቀም።

ማድ ቤት ውስጥ ሻይስታ ትሪውን ጣል አድርጋ ግድግዳውን ተደገፈች። «አንቺ ዕብድ ነሽ። ነገ እምቢ ቢላትስ?»

«እንጃ።»

«እሺ ቢላትስ?»

ሩመይሳ ወደ በሩ አየች። ከሳሎኑ የአያቷ ሳል ይሰማል። የሹራቧን እጅጌ ሰበሰበች።

«አያቴን እንዴት ነው የምታገላብጫቸው? ከትከሻቸው ነው ከወገባቸው?»

ሻይስታ ረጅም ጊዜ አየቻት፤ ተንኮል እንዳለበት የምትመረምር ትመስል ነበር። ከዚያ የዘይቱን ጠርሙስ አቀበለቻት።

«መጀመሪያ እጅሽን አሙቂ» አለቻት።