ሰው አለው?

እኔ የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ወንበሬን ይዤ ዞር የምል ሰው ነኝ፣ አዳማ ውስጥ ስለ ሬዲዮ ሞገድ የማስተምር፣ በመሣሪያ ያልተለካ ነገር ሁሉ ውሃ የማይቋጥር ተረት የሚመስለኝ ደረቅ መምህርት፣ ስለዚህ ያበድኩ ከመሰላችሁ አልቀየማችሁም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ወንድሜ ብርሃኑ ከሞጆ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። "ነበር" ስል እናቴ ብትሰማኝ ትቆጣለች፣ ምክንያቱም ከነመኪናው መንገድ ላይ ከጠፋ ሁለት ዓመት ቢሞላውም አስከሬን አልመጣም፣ መርዶ የነገረንም የለም፣ እሷም "ልጄ አለ" ብላ ለቅሶ አልቀመጥም አለች።

ያን ቀን ከባልደረባዬ ከገመቹ ጋር ከወለንጪቲ ወጣ ብሎ ያለ ጉብታ ላይ ነበርን፣ ሥራችን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የማይጠቀሙባቸውን ባዶ ቻናሎች ማደን ነው፣ ባዶ ከተገኘ ለገጠር ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ይሆናል፣ ባለቤቱ ካለበት ግን አንነካውም። ገመቹ ቀልደኛ ነው፣ እያንዳንዱን ቻናል እንደ ታክሲ ወንበር "ሰው አለው?" እያለ ይጠይቀኛል፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ የሞገዱን ኃይል አያለሁ፣ ከፍ ካለ "አለው!"፣ ከሌለ "የለውም!"፣ ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ስንጯጯህ ዋልን።

ጎን ለጎን ሌላ ዘዴም እየሞከርን ነበር፣ ይሄኛው ኃይል አይለካም፣ የምትፈልጉትን ድምፅ ናሙና አስቀድማችሁ ትሰጡታላችሁ፣ በጫጫታ መሃል እሱን ብቻ ይፈልጋል። ናሙና ሲቸግረኝ ስልኬ ላይ የቀረውን የብርሃኑን የድምፅ መልእክት ሰጠሁት። ሌላ ነገር አስቤ አይደለም፣ ቢያንስ ለራሴ እንደዚያ ነው የምላት።

ከሰዓት በኋላ አንድ ቻናል ላይ ስንደርስ የቆመ መኪና ሞተር ሲንደቀደቅ ሰማሁ፣ አስፋልቱ ቅርብ ነው ብዬ ተውኩት፣ ቀጥሎ የበር እጀታ ቀጭ አለ፣ ቀጥሎ "ሰው አለው?" ሲለኝ እኔም ዓይኔን ሳላነሳ፣ በልማድ፣ "አለው!" አልኩ።

"እሺ እታለም፣ ይቅርታ።"

በሩ ተዘጋ፣ ሞተሩም እየራቀ ሄደ።

"ደግሞ መቼ ነው እታለም ማለት የጀመርከው?" ብዬ ስዞር ገመቹ ራቅ ብሎ ገመድ እየጠቀለለ ነው።

"ማሎ፣ ማንን ነው የምታናግሪው? እኔ እኮ ገና አልጠየቅኩሽም።"

መለኪያውን አየሁት፣ እመኑኝ፣ ቅንጣት ኃይል የለም፣ ቻናሉ ባዶ ነው። ሁለተኛው ዘዴ ግን ናሙናውን፣ የብርሃኑን ድምፅ፣ አግኝቻለሁ ይላል። "የለውም! ብርሃኑ፣ የለውም፣ ግባ!" እያልኩ ስጮህ ገመቹ እጄን ይዞ ከመሣሪያው አላቀቀኝ። መሣሪያው እኮ መስማት እንጂ መላክ አይችልም፣ ታዲያ ያቺን "አለው!" ያልኳትን አንድ ቃሌን እንዴት ሰማ?

አመሻሽ ላይ ቤት ስደርስ፣ ምንም ሳልተነፍስ፣ እናቴ ከበሩ ተቀበለችኝ።

"ለእድሩ ንገሪ፣ ድንኳን ይጣል።"

"እማዬ፣ ምን ሰማሽ?"

"ምንም። ዛሬ ከሰዓት ሆዴ ቆረጠ።"

ለቅሶ ተቀመጥን። ሰው እየገባ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ይላል፣ "መቼ ነው ያረፈው?" ብሎ ቀስ ብሎ ይጠይቃል፣ እናቴ ሁለት ዓመቱ ነው ትላለች፣ እኔ ግን እስከዚያች ከሰዓት ድረስ በሕይወት ነበር ወይ ብዬ የምጠይቀው ሰው የለኝም።